በሕንፃዎቹ መሐል የቀረው ሜዳ

ጥር 9

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታዬን ተቀበዪኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱን ያዘገየሁት ዕቃ ስናወጣና ስናገባ እስክሪብቶው የት እንደገባ ስለጠፋን ነው፤ በመጨረሻ እናትሽ ከማንኪያዎቹ መሐል አገኘችው። ለምን በስልክ አትነግረኝም እንዳትዪኝ። እዚህ ቤት በስልክ ያወሩት ነገር ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ይሰማል። ለአንቺ ብቻ የምለው ሲኖረኝ ወረቀት ይሻለኛል።

ቤቱ እንዴት ነው ብለሻል። ቤቱማ ቤት ነው! ሦስተኛ ፎቅ ነን። ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይመጣል፣ በሩ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ጣሪያው አያፈስም። የገባን ቀን ቁልፉን ኪሴ ከትቼ እየደጋገምኩ ስዳብሰው እናትሽ "አንተ ሰውዬ፣ ይበራል ብለህ ነው?" አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የአከራይ ፊት እያየሁ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ግድግዳ ላይ ሚስማር ስመታ የሚቆጣኝ የለም። ለምንም የማይሆን ሚስማር ሁሉ መትቻለሁ።

በመስኮቱ የሚታየው ሌላ መስኮት ነው። ከፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ ቢጫ መጋረጃ የሰቀለች ሴት አለች። ልብስ ስታሰጣ እናያታለን፣ እሷም ታየናለች፣ ግን ሰላምታ የለንም። በሁለታችን ሕንፃ መሐል ያለው ሜዳ ላይ ከግንባታ የተረፈ አሸዋና ስባሪ ብሎኬት ተከምሯል። ኩባንያው እዚያም ሌላ ሕንፃ ሊያቆምበት ነው ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። የምታረቅቁት ሕግ "አዲስ የሚሠራ የመኖሪያ መንደር ሁሉ ዛፍና መናፈሻ የሚሆን ቦታ ይተው" የሚል ከሆነ፣ አባትሽ ተቃዋሚ ነው። አትቀየሚኝ። ቤት ስንጠብቅ ስንት ዘመን እንደፈጀን ታውቂዋለሽ። ለዛፍ የተተወች እያንዳንዷ ቁራሽ መሬት የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ትሆን ነበር። እኔ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ስነዳ፣ ተሳፋሪ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን እያወዛወዘ፣ ወንበር ነቅዬ የአበባ ማስቀመጫ ላኑርበት? ሐሳቤ ይኸው ነው።

እናትሽ ደህና ናት። እያረፈች ነው።

አባትሽ


ጥር 27

አባዬ፣

እንኳን ለቤትህ አበቃህ! እንኳን ለሚስማርህም አበቃህ! ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለቤት ተጋሪዬ፣ አንዴ ደግሞ ሥራ ቦታ። ወንበር ነቅለህ አበባ ስለማስቀመጥ ያልከውን በስብሰባ መሐል ሳነብላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የቤት ሠሪ ኩባንያዎቹ ተወካይም ነበር። ንግግሩን ሁሉ "በቅንነት" ብሎ ስለሚጀምር እኛም "በቅንነት" እያልን ነው የምንጠራው። ድገሚልኝ ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ግን አባዬ፣ ማንም ቤት ይቀነስ አላለም። እኔ ያረቀቅኩት አንቀጽ ሕንፃው አንድ ፎቅ ከፍ ይበል ነው የሚለው። ያኔ የሚገኘው ቤት ያው ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት፣ ልጅ የሚሮጥበት መሬት ግን ይተርፋል። ኩባንያዎቹ ደግሞ ፎቅ መጨመርም ይፈልጋሉ፣ መሬቱንም አይለቁም። ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

አሁን የእኔ ተራ ነው። "እያረፈች ነው" ማለት ምን ማለት ነው? እማዬን ነው የምትለው? በድሮው ግቢ ወንበሯን በር ላይ አውጥታ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ስታሳድግ፣ የተጣላ ስታስታርቅ፣ ፖስተኛውን ሳይቀር አስቁማ ስለ ሚስቱ ጤና ስትጠይቅ የኖረችውን ሴት? እሷ መቼ አርፋ ታውቃለች? አንተ ስልክ ላይ መዋሸት ትችልበታለህ፤ በወረቀት ግን ያስታውቅብሃል።

ልጅህ


የካቲት 20

ልጄ፣

እጇ ለምን ታሰረ ብለሽ መጻፍሽ አስደነገጠኝ። የአክስትሽ አፍ መሆን አለበት፤ ለማንም እንዳትናገር አስምያት ነበር። ካወቅሽ አይቀር ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

እናትሽ እዚህ ከገባን ጀምሮ ደረጃውን የወረደችበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። መጀመሪያ ጉልበቷ ነው ብዬ ነበር። ለካ መውረዱ አልከበዳትም፤ ወርዳ የምትሄድበት ነው የጠፋት። ቀስ በቀስ ወሬ ቀነሰች። ከዚያ ምግብ ቀነሰች። ከዚያ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጥ ጀመረች። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። "ምንም የለባትም፤ ትራመድ፣ አየር ታግኝ፣ ከሰው ጋር ታውራ" አለ። መድኃኒት ቢያዝልኝ ይሻለኝ ነበር፤ መድኃኒት ቢያንስ ይገዛል።

አንድ ቀን ጨቅጭቄ አወረድኳት። የት ልውሰዳት? የአሸዋውን ክምር ዞረን፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘን ስንሄድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወደ ኋላው መጣብን። ደንግጣ ስትሸሽ ስባሪው ብሎኬት ላይ ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰነጠቀ። ደረጃውን ደግፌ ሳወጣት "ሁለተኛ አታውርደኝ" አለችኝ። አልተቆጣችም። ተቆጥታ ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ያልነገርኩሽ አንቺ እዚያ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ነው። ይቅር በዪኝ። ስለ ሕጉ የጻፍኩትን በተመለከተ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አልልም። እያሰብኩበት ነው በዪ።

አባትሽ


መጋቢት 8

አባዬ፣

አዎ፣ ጋዜጣው ላይ ያየኸው ያንተው ቃል ነው። "አንድ አንጋፋ ሾፌር እንዳሉት" ብሎ የጀመረው በቅንነት ነው። አሁን በየስብሰባው ያንን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ሰዉም ይስቃል፣ ከሳቀ በኋላ ክርክሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቃልህን ለሰው ያነበብኩት እኔ ነኝና ይቅርታ። አንቀጹ ባለፈው ሳምንት ከረቂቁ ተሰርዟል።

ስለ እማዬ የጻፍከውን ይዤ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። መጥቼ ላያት ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ አልተሰጠኝም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ ሥራ በዝቶ ነው።

የቀረ ነገር ቢኖር አንድ ነው። ረቂቁ ለምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት የሕዝብ መድረክ ይካሄዳል። መናገር የፈለገ ሁሉ አዳራሹ ገብቶ መናገር ይችላል። ግን ማን ይመጣል? ሁልጊዜ የሚመጡት የኩባንያዎቹ ሰዎች ናቸው፤ ቤቶቹ ውስጥ የሚኖሩት ሩቅ ናቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው፣ መድረክ መኖሩንም አይሰሙም።

እማዬን ሳምልኝ። እንዳታወርዳት።

ልጅህ


መጋቢት 19

ለምድር ቤቷ ልጄ፣

ሥራ በዝቶ ነው ብለሽኝ አልነበር? መሥሪያ ቤትሽ ስደውል ያነሳችው ልጅ "እሷ አሁን ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ነው ያለችው" አለችኝ። ነገሩ ገባኝ፤ ስለ አንቀጹ ስለተከራከርሽ ነው። እናትሽ አልወርድም አለች፣ አንቺን ደግሞ ሳትወጂ አወረዱሽ። የሸሸግሽኝን አልቆጣሽም፤ ከማን ተማርሽው?

የተቆጣሁት በሌላ ነው። ቀልዱ የእኔ ነው! ለልጄ የጻፍኩትን ቀልድ ከልጄ እጅ ነጥቆ ልጄን የሚመታበት ማን ስለሆነ ነው? ጋዜጣውን ለእናትሽ አነበብኩላት። ሰማችኝና፣ "አንተ መተላለፊያ የሌለው አውቶቡስ ነድተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። "ከዳር እስከ ዳር ወንበር ብትሞላው ሰው በየት ይወርዳል?" ልጄ፣ በስንት ጊዜዋ እንዲህ ረዘም አድርጋ መናገሯ ነው። ድምጿን ስለሰማሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በማግሥቱ ለመድረኩ ሰው ላሰባስብ በር ማንኳኳት ጀመርኩ። እዚህ የሚኖረው ሰው ሁሉ ቅር ያለው ነገር ነበረው፤ ብቻውን ቅር ያለው ስለመሰለው ነበር ዝም ያለው። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ልጆቹ ደረጃ ላይ ኳስ እየመቱ ከጎረቤት አጣልተውታል። ከላይ ያሉት አስተማሪ ባልና ሚስት አባታቸውን ከቤት ማውጫ አጥተዋል። የፊት ለፊቷን ሴት፣ የቢጫ መጋረጃዋንም በር አንኳኳሁ። በሩን በትንሹ ከፍታ ሰማችኝና "እመጣለሁ" ብላ ወዲያው ዘጋችው።

በምን ትመጣላችሁ ትዪ ይሆናል፤ በአውቶቡስ ነዋ! ድሮ ረዳቴ የነበረው ልጅ ዛሬ የራሱ አውቶቡስ አለው። ለአንድ ጉዞ አበድረኝ ብለው "ጋሼ፣ እርስዎ ካልነዱት አልሰጥም" አለኝ። መንጃ ፈቃዴ ታድሷል፤ እናትሽ "ምን ሊያደርግልህ?" እያለች ነበር ያሳደስኩት።

እናትሽ ትመጣ እንደሆነ ትጠይቂኝ ይሆናል። አላውቅም። ከኋላዬ ያለውን ወንበር ግን ይዤላታለሁ።

አባትሽ


ሚያዝያ 3

ልጄ፣

በሰላም ገብተናል። እንግዳ ሆነን መጥተን በወጉ ሳንጨዋወት፣ በደንብ እንኳ ሳልስምሽ ተጣድፌ መሄዴ ከነከነኝ። አውቶቡሱ ጠዋት ሥራ ነበረበት፣ ቃሌን ማጠፍ አልወደድኩም። ከስተሻል። ምድር ቤት ምግብ አይገባም እንዴ?

ስለ እናትሽ ጠይቀሻል፤ እንዴት ልትመጣ እንደቻለች እኔም ገና አልገባኝም። ጠዋት ሞተሩን እያሞቅኩ ሰው ስጭን፣ ካፖርቷን ደርባ ደረጃውን ራሷ ወርዳ መጣች። እጄን ብዘረጋላት አልያዘችውም። "አንተ ብቻህን ከተናገርክ ሌላ ቀልድ ታመጣብናለህ" ብላ ወጥታ ተቀመጠች። ቢጫ መጋረጃዋ ከጎኗ ቁጭ አለች። መንገድ ላይ በመስታወት ሳያቸው ሁለቱም ያለቅሳሉ። ትንሽ ቆይቼ ሳያቸው ይስቃሉ። ደግሞ ያለቅሳሉ። ዓይኔን ከመንገዱ ላለማንሳት ስታገል ነው የደረስነው።

አሁን ልጠይቅሽ። እነ እናትሽን አዳራሹ በር ላይ አውርጄ ማቆሚያ ፍለጋ ከሄድኩ በኋላ ምንድነው የሆነው? የዚያን ከተማ መንገድ የሠራው ሰው አውቶቡስ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ዞሬ ዞሬ፣ በመጨረሻ የሬሳ ሣጥን መሸጫ ፊት ለፊት አቁሜ፣ እየሮጥኩ ስገባ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ለማን እንደሆነ ባላውቅም እኔም አጨበጨብኩ። ኋላ ነው ለእናትሽ ነው ያሉኝ። ምን ብላ ነው? ብጠይቃት "እንደመጣልኝ ተናገርኩ" ብላ ዘጋችኝ። ቢጫ መጋረጃዋን ብጠይቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለባሏ የማይነገር ምን ተናግራ ነው?

አባትሽ


ሚያዝያ 12

አባዬ፣

ስማኝ፤ ቃል ሳልጥል ልንገርህ።

መጀመሪያ የተናገረው በቅንነት ነው። እንደ ልማዱ ያንተን ቃል አነበበ፣ እንደ ልማዱም ሰው ሳቀ። ያኔ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። በፋሻ የታሰረ እጅ ነው፤ እማዬ ናት። ሰብሳቢው "እናቴ፣ ይናገሩ" አላት።

"ይሄን የተናገረው ባለቤቴ ነው" አለች። "እሱ ራሱ መጥቶ እንዳይነግራችሁ፣ የጫነንን አውቶቡስ የሚያቆምበት ባዶ ቦታ አጥቶ ከተማችሁን እየዞረ ነው።"

አባዬ፣ ያን ሳቅ ብትሰማው! ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ያልሳቀው በቅንነት ብቻ ነው። እማዬ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

"ቤቴን እወደዋለሁ። ለምኜ ያገኘሁት ነው፣ አላማርርበትም። ከፊት ለፊቴ አንዲት ሴት ትኖራለች። ልብስ ስታሰጣ ነው የማውቃት። የትልልቆቹን ልጆቿን ቁመት የማውቀው ከሱሪያቸው ርዝመት ነው። የሕፃን ልብስም ታሰጣ ነበር። አንድ ጊዜ ግን የሕፃኑ ልብስ ከገመዱ ላይ ጠፋ። ዛሬ ይወጣል ስል፣ ነገ ይወጣል ስል ቀረ። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ማየት ፈራሁ። ማንን ልጠይቅ? የት አግኝቻት? በሯን አንኳኩቼ ምን ልበላት? እዚህ ስንመጣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። ልጄ ሞተብኝ አለችኝ። ከመስኮቴ ማዶ ሆና ብቻዋን ስታለቅስ ከርማለች፤ እኔ ደግሞ ከመስኮቷ ማዶ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። እኔና እሷ በድንጋይ ውርወራ ርቀት እየኖርን፣ ለመተዋወቅ አገር አቋርጠን መምጣት አለብን?"

ቢጫ መጋረጃዋ ከጎኗ ተነሥታ ቆመች። የእማዬን ደህናውን እጅ ይዛ ቆመች፣ ያ ብቻ።

እማዬ ለመስኮቱ ጀርባዋን የምትሰጠው ለምን እንደነበር አሁን ገባህ አይደል? አንተ እንድታዝን ስላልፈለገች ነው ያልነገረችህ። ቤታችን እንዲህ ነው፤ ሁላችንም ስንደባበቅ እንኖራለን።

ከዚያ አንድ ሰው ከመሐል ተነሣ። ልጅ ታቅፏል። "እናቴ፣ እርስዎ ቤት አግኝተዋል፤ እኔ ገና ወረፋ ላይ ነኝ። ከነልጆቼ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የማድረው። ለዛፍ ብዬ ልጠብቅ?" አላት። ይሄን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። ልክ ነዋ ሰውየው!

እማዬ "አትጠብቅ ልጄ" አለችው። "እኔም ወረፋውን አውቀዋለሁ። ፎቁን ይጨምሩና ቶሎ ይስጡህ፣ ነገ ይስጡህ። ግን ያቀፍካት ልጅ የት እንደምትሮጥ ዛሬውኑ ጠይቃቸው። ቁልፉን ከተቀበልክ በኋላ የሚሰማህ አታገኝም።"

ሰውየው ወደ በቅንነት ዞረና "ፎቁን ጨምራችሁ መሬቱን ብትተዉ የእኔ ቤት ይቀንሳል?" ብሎ ጠየቀው። በቅንነት ወረቀቱን አገላበጠ። "በቅንነት... በቁጥሩ ላይ ለውጥ አያመጣም፣ ነገር ግን..." ሲል ከ"ነገር ግን" በኋላ ያለውን የሰማ የለም። አዳራሹ ወደ እማዬ ዞሮ ብድግ ያለው ያን ጊዜ ነው። አንተም እያለከለክህ ገብተህ ያጨበጨብከው ያን ጊዜ ነው።

ልጅህ


ግንቦት 2

አባዬ! እማዬ!

አለፈ! አለፈ! አለፈ!

አንቀጹ ተመልሶ ገብቷል። ከጠየቅነው ትንሽ አሳንሰውታል፤ ይሁን። ገና መሠረት ያልተቆፈረለት መሬት ሁሉ ውስጡ ነው፤ በተሠሩት መንደሮች መሐል የተረፈውም ጭምር። የእናንተ ሜዳ ተረፈ ማለት ነው! ምክር ቤቱ እጅ ሲያወጣ እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ፣ ምን እንደጮህኩ አላውቅም፣ ዘበኛው አስወጣኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ምድር ቤት ትቀሪያለሽ ወይ ብላችኋል። ሰኞ ወደ ቀድሞ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ። አለቃዬ ራሱ ወርዶ ነገረኝ፤ የመዝገብ ክፍሉን መንገድ ስለማያውቀው ጠፍቶ ነበር።

ልጅሽ፣ ልጅህ


ጥቅምት 16

ልጄ፣

ጠፋሁብሽ፣ አውቃለሁ። ቅር አይበልሽ፤ ጊዜ አጣሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አጣሁ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ሜዳው ምን መሰለ ብለሻል። ኩባንያው ማሽን ልኮ አሸዋውንና ብሎኬቱን አነሣ። መኪናው ሲመጣ ሊቆፍር መስሎን ሁላችንም በየመስኮታችን ተንጫጫን፤ ሾፌሩ ምስኪን "እኔ ቆሻሻ ላነሣ ነው የተላክሁት!" እያለ ማለ። ከዚያ ጠቡ የእኛው ሆነ። ልብስ ሰፊው ኳስ ሜዳ ይሁን አለ፣ አስተማሪዎቹ አግዳሚ ወንበር አሉ፣ እኔ ሣር ብቻ አልኩ። ኮሚቴ ይመረጥ ተባለ። እናትሽን ሊቀመንበር አደረጓት። ልጄ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ውሃ አመላላሽ ነኝ። ችግኞቹ ቁመታቸው ከጉልበቴ አያልፍም፣ አጠጣጣቸው ግን እንደ ትልቅ ሰው ነው። ቢጫ መጋረጃዋ በጠዋት ወርዳ ትኮተኩታለች፤ አንዷን ችግኝ ለብቻዋ ይዛለች፣ ማንም አይነካባትም፣ ማንም ለምን አይላትም። ያ ልጅ ታቅፎ የነበረው ሰውም ባለፈው መጥቶ ነበር። ወረፋው ደርሶ፣ አገር አቋርጦም ቢሆን፣ ከእኛ ማዶ በሚሠራው መንደር ቤት ተመድቦለታል፤ በፕላኑ ፎቁ ጨምሯል፣ መሐሉም ክፍት ነው። ከእቅፉ የወረደችው ልጁ ሜዳችንን ያለ ዕረፍት ዞራ ዞራ ሮጣ፣ አልሄድም ብላ አልቅሳ ነው የወሰዳት።

ሣሩ ገና አልያዘም። ቦታ ቦታው መላጣ ነው፣ እንደ እኔ። አግዳሚ ወንበሮቹም አንዱ ያዘነብላል። ቢሆንም በቀደም አንድ እንግዳ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ ቆም ብሎ አይቶ "ይሄ የማን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "የእኛ ነዋ!" አልኩት፤ ቤቴን ስረከብ እንኳ እንዲያ አላልኩም።

የእናትሽን ጤና ጠይቀሻል። ይኸው ይህን ስጽፍልሽ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከምሳ በኋላ ወርዳ አልተመለሰችም። እራት አልተሠራም። በመስኮት ብቅ ብዬ ብጠራት፣ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከራበህ ውረድ! እዚህ የሚበላ አለ!" አለችኝ። ሜዳው ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። ሳቋ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጥርት ብሎ ይመጣል።

እንግዲህ ላብቃ፣ ጫማዬን ላጥልቅ። የዕረፍት ፈቃድሽ ደርሶ ስትመጪ በር ብታንኳኪ የሚከፍትልሽ የለም። ደረጃውን በከንቱ አትውጪ፤ ታች ነን።

አባትሽ